የጋሽ ሙሄ እጅና እግር

ጋሽ ሙሄ ማረፋቸውን የሰማሁት ኩታበር ገበያ ላይ፣ በአንድ እጄ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ነበሩ። «ደምሴ ልጄ፣ ሙሄ ሄደብኝ» አሉ። «ደህና አድሮ፣ ሱብሒ ሰግዶ ጋደም እንዳለ ቀረ። ዙሁር ተሰግዶ እንቀብራለን። እንድታውቀው ብዬ ነው እንጂ ሮጠህ ድረስ አልልህም።» እኔ ግን ሮጥኩ። ሽንኩርቱን ለሻጯ ትቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ አራት ሰው እስኪጨምር፣ ደሴ ስደርስ ሰዉ ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ጋሽ ሙሄ ቢያዩኝ «ሀኪም፣ ለቀብሬም አረፈድክ?» ይሉኝ ነበር። በሕይወት ሳሉ አረፈድክ ሳይሉኝ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እጃቸው ነው። አንዱ፣ ለሰርጉ የገዛውን ሱፍ ገና በፌስታሉ እንዳለ ዳስሰው «ይህማ ሱፍ አይደለም» ብለው እንዳስመለሱት ተረከ። ሌላው፣ ጨርቅ ነክተው ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ይናገሩ እንደነበር ማለ። እጃቸውን የማያውቅ የለም፤ እግራቸውን የምናውቀው ግን እዚያ ካለነው እኔና እትዬ ዘይነብ ብቻ ነን። እግር ደግሞ ለድንኳን ጨዋታ አይመችም። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ።

የምንሠራው ኮምቦልቻ፣ አንሶላና አቡጀዲ የምታመርት አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እኔ የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ክሊኒክ ስል አንድ አልጋ፣ አንድ ቁምሳጥን፣ አንድ ሚዛንና እኔ። ጋሽ ሙሄ ጥራት ቁጥጥር ነበሩ። ጨርቁን በብርሃን የሚያሳይ ማሽን ነበር፤ ሁለት ሠራተኞች ፊቱ ተቀምጠው ሲያዩት ይውላሉ። ግን ጣቃው ከበር ከመውጣቱ በፊት የጋሽ ሙሄ ጠረጴዛ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ጋሽ ሙሄ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ የጨርቁን ጫፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል እሽት ያደርጉታል፣ ከዚያ «ይለፍ» ወይም «ይመለስ»። ሌላ ቃል የለም። ለምን እንደሚጨፍኑ ብጠይቃቸው «ዓይን ይሸነገላል፤ ጣት አይሸነገልም» አሉኝ።

ሰላምታቸውም በጣት ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ሳይጨርሱ ኮሌታችሁን ይዘው ያሻሉ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን የነጭ ጋውኔን ጠርዝ ያዙና «ግማሹ ፖሊስተር ነው። ላብ ያጠመቀው ሀኪም እንዴት ሰው ያክማል?» አሉ።

«ነርስ ነኝ እንጂ ሀኪም አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«መርፌ ትወጋለህ?»

«እወጋለሁ።»

«እንግዲያ ሀኪም ነህ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀኪም ሆንኩ። «አንተ ነርስ» ካሉኝ ተቆጥተዋል ማለት ነው።

ሁለታችንም የምንኖረው ደሴ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በፋብሪካው ሰርቪስ አብረን እንወርዳለን። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢ፣ ሹራብ፣ ጃኬት ደራርበን እንሳፈርና ኮምቦልቻ ስንደርስ አንድ በአንድ እየገፈፍን እንወርዳለን። ጋሽ ሙሄ «ደሴ ለመተኛት፣ ኮምቦልቻ ለመሥራት፣ መሃሉ ላይ ያለው ሐረጎ ደግሞ ዱዓ ለማድረግ ተፈጠሩ» ይሉ ነበር። ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሹፌሩ ስልክ እያወራ ሲወርደው ያየ ሰው እውነት ነው ይላል።

አንድ ጊዜ ከገዢ ዘንድ ጣቃ ተመልሶ መጣ። ቋጠሮ የበዛበት፣ እጅ የሚቧጥጥ አንሶላ። ሁሉም ላይ የጋሽ ሙሄ ፊርማ አለ። አለቃችን ምን እንደሚል ግራ ገብቶት ጣቃዎቹን እያገላበጠ ቆየ። «የዘንድሮ ጥጥ ምን ጥጥ ነው!» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ «ክሩ ሲገባ ደህና፣ ሲወጣ ጉድ።» አመንናቸው። ሲደገምም አመንናቸው። ኮሌታ ማሻሸት ማቆማቸውን እንኳ ልብ ያለ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ አላልኩም።

ክሊኒክ የመጡት በሌላ ጉዳይ ነው። «ሀኪም፣ ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል» አሉኝ እየሳቁ። የስኳር ክኒን ከጀመሩ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ የሚውጡት ግን ትዝ ሲላቸው ነው። ደማቸውን ለካሁት፤ ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል። አልጋው ላይ አስተኛኋቸውና የእግር ስሜት የምንመረምርባትን ቀጭን የናይለን ክር አወጣሁ።

«ይህ ክር ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ ወዲያው።

«ናይለን ነው፣ ጋሼ። እግርዎን በነካሁዎት ቁጥር አዎ ይበሉኝ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ዓይን መጨፈን ለኔ ነው የምታስተምረው?» ብለው ጨፈኑ።

አውራ ጣታቸውን ነካሁ። ዝም። ትንሿን ጣት ነካሁ። ዝም። የውስጥ እግራቸውን፣ ተረከዛቸውን፣ ከዚያ ሌላኛውን እግር። ጋሽ ሙሄ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ሰለቻቸው። «አቦ፣ ዱዓ እያደረግክ ነው እንዴ? ጀምር እንጂ!»

ጨርሼ ነበር። ይህን ስነግራቸው ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥሎ እግራቸውን አዩ። ዕድሜያቸውን በክር ላይ የፈጸሙ ሰው ናቸው። «እስቲ እጅዎን ደግሞ» ስላቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እጄ ደህና ነው» አሉና ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ደሴ ወዳለችው የስኳር ሐኪም ይዣቸው ሄድኩ። ዶክተር ሐያት ትባላለች፤ ከእኔ እኩያ ብትሆን ነው። ክኒኑ ከእንግዲህ ብቻውን አይበቃም፣ ኢንሱሊን ይጀምሩ አለች። ጋሽ ሙሄ ከወንበራቸው ተነሱ። «ወላሂ አልጀምርም! ጎረቤቴ አያ አሊ ኢንሱሊን በጀመረ በዓመቱ ነው እግሩ የተቆረጠ። ኢንሱሊን እግር ያስቆርጣል።» እንዲህ የሚያምን ሰው በአገራችን ብዙ ነው። አያ አሊ ኢንሱሊን የጀመሩት እግራቸው ካበቃለት በኋላ እንደነበር ማን ይንገር?

በመንገድ ላይ ሳስብ ቆየሁና «ጋሼ» አልኳቸው፣ «ወጌሻ በሄደበት ቤት ሁሉ የተሰበረ እግር አለ። ወጌሻው ነው የሰበረው?»

«ይህችን ከየት አመጣሃት?» አሉና ሳቁ። «መርሃባ፣ እጀምራለሁ።» መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ስነግራቸው ደግሞ «ደሴ ራሷ ፍሪጅ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንዳይሸሹብኝ ብዬ፣ እንደ ሱቅ ነጋዴ አጋንኜ ተናገርኩ። «ከጀመሩ ቶሎ ይቀልልዎታል፣ ነርቭዎ ይነቃል፣ እግርዎ እንደ ድሮው ይሆናል» አልኩ። ጋሽ ሙሄ ደግሞ የያዙትን በግማሽ የማይተዉ ሰው ናቸው። መርፌውን ሰዓት ሳያዛንፉ ወጉ። በብርጭቆ አራት ማንኪያ ስኳር ይጨምሩበት የነበረውን ሻይ ፊታቸውን እያጨማደዱ መራራውን ጠጡት። ዳቦ ተዉ። ስኳራቸው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቁልቁል ወረደ። እኔ ኮራሁ። ካርዳቸውን ለሌሎቹ የስኳር ታካሚዎች እያሳየሁ «ጋሽ ሙሄን እዩ!» አልኩ።

ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሰርቪስ ላይ በነጠላ ጫማ መጡ። በደሴ ብርድ! ደረጃውን የወጡት ጥርሳቸውን ነክሰው ነው። ኮምቦልቻ እንደደረስን ቀጥታ ክሊኒኬ ገብተው የኢንሱሊን ብልቃጦቹን ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሯቸው።

«ውሃህን ውሰድ፣ አንተ ነርስ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«እግሬ ላይ በርበሬ የነሰነሱብኝ ይመስላል። ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጣቴ ይነዳል። አንሶላ ሲነካኝ እንደ እሾህ ነው። እኔን! አንሶላ! ውስጥ እግሬ ደግሞ እንደ ድሮው ድንጋይ ነው። አይሰማኝም አልኩህ እንጂ አቃጥለኝ አልኩህ?»

ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ። «ኢንሱሊን አያቃጥልም፣ ጋሼ። ከሌላ ነገር ይሆናል» አልኩ። አላውቅም ማለት ስላቃተኝ።

ጋሽ ሙሄ ትክ ብለው አዩኝ። «እግሩ የማን ነው?» አሉና ሄዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚያን ቀን ሞኙ ማን እንደነበር ሳይገባኝ እሳቸውን ግትር አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሰርቪስ ላይ ከሹፌሩ ጀርባ መቀመጥ ጀመሩ። እኔን አያናግሩም። ማቃጠሉ ትንሽ በረድ እንዳለላቸው፣ መርፌውንም ጨርሶ እንደተዉት ከሰው ሰማሁ። ወደ ዶክተር ሐያት ለመሄድ አሥር ቀን ፈጀብኝ። ስሄድም ነገሩን በሌላ ሰው አስመስዬ ላወራ ሞከርኩ፤ እሷ ግን «ጋሽ ሙሄ ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«ስኳሩ ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ሰው» አለች፣ «በአጭር ጊዜ ብዙ ሲወርድለት አንዳንዴ እንዲህ ይቃጠላል። ለምን እንደሆነ እኛም አጥርተን አናውቅም። ብዙ ጊዜ ግን በወራት ውስጥ ይበርዳል። ኢንሱሊን ስኳር አውራጅ ብቻ አይደለም ደምሴ። የስሜት ነርቮችም ራሳቸው ይቀበሉታል፣ ለመጠገን ይፈልጉታል። ስለዚህ መጠኑን አስተካክለን በቀስታ እንወርዳለን፣ ለሕመሙ የሚዋጥ ነገር እንጨምራለን እንጂ ማቆም የለም። ሊያቃጥል እንደሚችል አስቀድሞ የነገራቸው ማነው?»

«ማንም።»

«እኔም መናገር ነበረብኝ» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች። ያፈሰስኩት እኔ እንደሆንኩ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ትከሻቸው ያስፈራኛል። ሦስት ነገ አለፈ። በአራተኛው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ ዘይነብ ደወሉ። «ደምሴ፣ ቶሎ ና። ሙሄ እግር ውስጥ እስፒል አገኘሁ።»

ኹፍ የሚባል ስስ የቆዳ ካልሲ አለ። ሙስሊም ወዳጆቼ እንዳስረዱኝ፣ ውዱእ፣ ማለትም የሶላት ትጥበት፣ አድርጎ ያጠለቀው ሰው እስከ ማግስቱ ድረስ ለሶላት ሲታጠብ እግሩን ማጠብ አይጠበቅበትም፤ እርጥብ እጁን ከላይ ያብስበታል፣ በቃ። ለደሴ ብርድ የወረደ ራሕመት ነው። ጋሽ ሙሄ ከቤት የሚወጡት ኹፋቸውን አጥልቀው፣ በላዩ ጫማ ደርበው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሶላት ሲደርስ ጫማውን አውልቀው፣ ከጠረጴዛቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ይሰግዳሉ። በዚያ ወለል ላይ ደግሞ ከጣቃ ላይ የሚወድቅ እስፒል አይጠፋም፤ የ«ይለፍ»ዋን ወረቀት የሚያያይዙት በእስፒል ነው።

አርብ ዕለት አንዷ እስፒል ቆዳውን በስታ ውስጥ እግራቸው ገባች። ጋሽ ሙሄ አልተሰማቸውም። ጫማቸውን አድርገው ሲሠሩ ዋሉ፣ በሰርቪስ ወጡ፣ ከፌርማታው እስከ ቤታቸው ዳገቱን በእግር ሄዱ። በየሶላቱ እርጥብ እጃቸውን በኹፉ ላይ እያበሱ፣ መግሪብንም ኢሻንም ሰገዱ፤ እግሬን ይበርደኛል ብለው ከነኹፉ ተኙ። እግር ቢታጠብ ኖሮ እስፒሏ በሚቀጥለው ሶላት ትገኝ ነበር። ጠዋት እትዬ ዘይነብ ላውልቅልህ ብለው ሲስቡት ኹፉ እምቢ አለ፤ በግድ ሲወጣ እስፒሏ ውስጥ እግራቸው ላይ ተሰክታ ቀረች።

ደረስኩ። ጋሽ ሙሄ መደብ ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል። ውስጥ እግራቸው አብጦ ቀልቷል። እስፒሏን በመቆንጠጫ ይዤ ሳብኩና ሳህን ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ «አወጣሃት?» አሉኝ። ምንም አልተሰማቸውም። እትዬ ዘይነብ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ቁስሉን እያጠብኩ ተናገርኩ። እጄ ሥራ ላይ ሲሆን አፌ ይደፍራል። «ጋሼ፣ አፉ ይበሉኝ። ማቃጠሉ ከኢንሱሊኑ ጋር የተያያዘ ነበር። እርስዎ ትክክል ነበሩ። ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል ሳላውቅ፣ እንደሚያውቅ ሰው አወራሁ። መድኃኒቱን የጣሉት በኔ ነው።»

ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ፋሻውን መጠቅለል ጀመርኩ።

«አሳለፍክ» አሉ በመጨረሻ።

«ምን ጋሼ?»

«እንከን ያለበትን ጣቃ ይለፍ ብለህ አሳለፍክ።»

«አዎ፣ አሳለፍኩ።»

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «እኔም አሳልፌያለሁ፣ ዘይነባ። እጄ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ዓይኔን ጨፈንኩ ብዬ በሽፋሽፍቴ ስር አያለሁ። ጨርቁ ሲሻሽ ድምፁን እሰማለሁ። እሱም ሲያቅተኝ ያመጣውን ሰው ፊት አያለሁ፤ ከፈራ ይመለስ፣ ካልፈራ ይለፍ። ጥጡ ምንም አልሆነም። ጥጡን በሐሰት ወነጀልኩት።»

እትዬ ዘይነብ አልደነገጡም። «ሻሼን እያሻሸህ ርካሽ ነው፣ ውድ ነው ማለት ከተውክ ዓመት ሆነህ» አሉ። «ያላወቅኩ መሰለህ? እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ጋሽ ሙሄ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ረጅም ልቅሶም አልነበረም፤ ወዲያው አፍንጫቸውን ጠርገው «እግሬን ይቆርጡታል?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነተኛ የሕክምና መልስ እሱ ይመስለኛል። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ከሄድንና ኢንሱሊኑን ከጀመሩ ግን የመትረፍ ዕድል አለው። ማቃጠሉ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ወራት ሊቆይ ይችላል። ስሜቱ መመለሱን ደግሞ ማንም ቃል ሊገባልዎ አይችልም።»

«እሳቱን እችላለሁ» አሉ። «ግን ብቻዬን አልቃጠልም። አንተ ትሰማኛለህ። በየቀኑ።»

ቁስሉ ወደ አጥንት ይዝለቅ አይዝለቅ እስኪለይ ድረስ ሆስፒታል ተኙ። እኔ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ስሞታ እሰማለሁ። አልዘለቀም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በከዘራ ወጡ። የመጀመሪያ ሥራቸው አለቃቸው ቢሮ ገብተው ስለ እጃቸው መናገር ነበር። አለቃው ቢያባርራቸው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ጨርቁን በብርሃን የሚያሳየው ማሽን ፊት ወንበር ሰጣቸው። ዓይን ይሸነገላል ያሉት ሰው በዓይናቸው መሥራት ጀመሩ። «ዓይንም ከተቆጡት ይሠራል» አሉ።

ማቃጠሉ ተመለሰ፣ ያውም በቀስታ እየወረዱ። ስምምነታችን ስምምነት ነውና ሰርቪስ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ሪፖርት ያቀርባሉ። ሪፖርቱ በጨርቅ ነው። በጣም የባሰበት ቀን «ዛሬ ጆንያ ነው» ይላሉ። መሃል ሲሆን «አቡጀዲ»። ሲቀልላቸው «ሐር»። ዶክተር ሐያት «ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሰጡታል?» ብላ ብትጠይቃቸው «ልጄ፣ ሕመም በቁጥር ምኑ ይታወቃል?» ብለው የራሳቸውን መለኪያ አስረዷት። ከዚያ ወዲህ ካርዳቸው ላይ በሐኪም እጅ ጽሑፍ «ጆንያ፣ ሦስት ቀን፤ አቡጀዲ፣ አራት ቀን» ተብሎ ተጽፎ አንብቤያለሁ።

ኹፉን እትዬ ዘይነብ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። የውዱእ ውሃ ያሞቁላቸዋል፤ እሳቸው በእጃቸው ሙቀት መለየት ስላቆሙ፣ እትዬ ዘይነብ መጀመሪያ በክርናቸው ይሞክሩታል። ከዚያ ጋሽ ሙሄ በየጣታቸው መሃል እያጠቡ፣ ውስጥ እግራቸውን በትንሽ መስታወት ያያሉ። በቀን አምስት ጊዜ። እኔ ለስንት ታካሚ እግርህን በቀን አንዴ እይ ብዬ ለምኜ እምቢ ተብያለሁ። «ለሶላት እግሬን ሳጥብ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው» ይሉ ነበር፣ «አንዱ ለአላህ፣ አንዱ ለዶክተር ሐያት።»

ቁስሉ ደረቀ። ጆንያው ወደ አቡጀዲ፣ አቡጀዲው ወደ ሐር ወረደ። አንድ ቀን ደግሞ ሪፖርታቸው «ምንም» ሆነ። በማግስቱም ምንም። እኔ ደስ ብሎኝ ሳጨበጭብ እሳቸው እጄን ይዘው አስቆሙኝ። «ሀኪም» አሉኝ፣ «ሲቃጠል ቢያንስ እግሬ መኖሩን አውቅ ነበር። አሁን እሳቱ የጠፋው ስለዳነ ነው ስለሞተ?»

ዶክተር ሐያትን ጠየቅናት። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ክሩ ነው አለች። የናይለኗን ክር አውጥታ አስተኛቻቸው። እጃቸው ላይ፣ በቀኝ አውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው፣ አሥር ጊዜ ነክታ ስድስቱን አወቁት፤ ጥሩ ነው ተባለ። ቁስል የነበረበት እግር ላይ ስትደርስ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ቀስረው፣ ግንባራቸው እስኪያልብ ጠበቁ። አንድም አዎ አላሉም። ስንወጣ «አብሽሩ ጋሼ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አልኳቸው። «እስቲ» አሉ። ያን ያህል ትንሽ ተናግረው አያውቁም። ለወራት ስለዚያ እግር እኔም አላነሳሁ፣ እሳቸውም አላነሱ። መርፌውን ግን አንድ ቀን አላቋረጡም። ለምን እንደማያቋርጡ አንዴ ስጠይቃቸው፣ እስፒል ረግጦ ሳያውቅ የሚሰግድ ሰው ሆኜ መሞት አልፈልግም አሉኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሁለተኛው ሰርቪስ ተበላሽቶ ሰው ሁሉ በእኛው ላይ ታጨቀ። ጋሽ ሙሄ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጠዋል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ። ከፈትል ክፍል የመጣች አንዲት ወፍራም ሴት ብረቱን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች። ሐረጎን ስንጀምር ሹፌሩ ለአንድ ከባድ መኪና ፍሬን ያዘ። ሴትዮዋ ተንገዳገደችና በተረከዟ፣ ባላት ክብደት ሁሉ፣ ያንን እግር ረገጠችው።

«ወይኔ እግሬን!» አሉ ጋሽ ሙሄ።

አውቶቡሱ ሁሉ ዞረ። ሴትዮዋ ፊቷ አመድ መሰለ። «አፉ ይበሉኝ ጋሼ! ወላሂ አላየሁም! ምን ላድርግ?» እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ የዳነው ቁስል እንዳይከፈት እየሰጋሁ ጫማቸውን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ። ጋሽ ሙሄ ትከሻዬን ይዘው ገፉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል፣ እግራቸውን ግን አልሰበሰቡም። ይልቁን ወደ መተላለፊያው ወጣ አድርገው ዘረጉትና ቀና ብለው ሴትዮዋን አዩዋት።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ» አሏት።